ብዕር ሲያመነታ

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ ለዛሬ ማታ እንድናገር ሲጠይቀኝ የሰጠኝ አርእስት «ከውስጥ የሚመጣውን ስሜት ተከትሎ መሥራት መንፈሳዊ ልምምድ ሊሆን ይችላልን?» የሚል ነበር። አርእስቱ ረዥም ስለ ሆነ እኔ በፈቃዳችሁ «ብዕር ሲያመነታ» ብዬዋለሁ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ትሰሙታላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደምናገር ግልጽ ላድርግ። ሁላችንም ሳናስበው ድንገት በልባችን ውል የሚል ነገር አለ። «ሂድ» ወይም «ተው» ወይም «ያንን ሰው ጠይቀው» ይላል፤ ማስረጃ ግን አያቀርብም። አንዳንዱ ሰው የእግዚአብሔር ድምፅ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ኅሊና ይለዋል፤ የሥነ ልቡና ተማሪዎች ደግሞ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ልምድ ሳናውቀው የሚሰጠው ፍርድ ነው ይሉናል። ዛሬ በስሙ ላይ ክርክር አልገጥምም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገሩ በመጣ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን በባዶ ሐሳብ ከምንተነትነው በአንድ ሰው ሕይወት ብናየው ይሻላል ብዬ፣ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሰውየው ጆን ውልማን ይባላል። በ1720 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ተወለደ፤ አገሩ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። ሃይማኖቱ «የወዳጆች ማኅበር» የሚባለው፣ ሌላው ሰው ግን ኩዌከር እያለ የሚጠራው ክፍል ነው። ኩዌከር ማለት ተንቀጥቃጭ ማለት ሲሆን፣ ለስድብ የወጣላቸው ስም መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በውልማን ዘመን እነዚህ ሰዎች ለጸሎት ሲሰበሰቡ ቅዳሴም ሆነ የተዘጋጀ ስብከት አልነበራቸውም። ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ለመናገር ከውስጥ የተነሣሣ እንደ ሆነ ይነሣና ይናገራል፤ ማንም ካልተነሣሣ በዝምታ ተቀምጠው በዝምታ ይለያያሉ። በማኅሌትና በከበሮ ላደግነው ነገሩ እንግዳ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው «ይህስ እንቅልፍ እንዳይሆን» ብዬ ነበር።

ውልማን ዕድሜው ከሃያ ጥቂት እንዳለፈ በአንድ ባለሱቅ ዘንድ በዓመት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ጌታው አንዲት ጥቁር ባሪያውን ሸጠና የሽያጩን ውል እንዲጽፍ አዘዘው። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ነገሩ ድንገተኛ ስለ ነበረ ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም፤ ልቡ ግን ታወከ። ወዲያው ሦስት ምክንያቶች መጡለት። እኔ ቅጥረኛ ነኝ፤ ያዘዘኝ ጌታዬ ነው፤ ገዢውም ቢሆን በዕድሜ የገፋ፣ የራሳችን ማኅበር አባል የሆነ ሽማግሌ ነው። ጻፈው። ውሉ ሲፈጸም ግን ጭንቀቱ ስለ በረታበት፣ ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር አይስማማም ብሎ እንደሚያምን በሁለቱ ሰዎች ፊት ተናገረ። በመናገሩ ጥቂት ቀለለው። ይሁን እንጂ ኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ «ተናግሬአለሁና ነጻ ነኝ» አላለም፤ ይህ ከኅሊናዬ ጋር ስለማይስማማ ይቅርብኝ ብዬ ብለምን ኖሮ ይበልጥ ንጹሕ በሆንሁ ነበር የሚል ሐሳብ ነው ያሰፈረው። ሴቲቱ ግን ተሽጣለች። ስሟን እንኳ በመጽሐፉ አናገኘውም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ካልተናገርሁ ንግግሬ ግብዝነት ይሆንብኛል። ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ዕረፍት፣ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ለሁለት ወር ተቀጥሬ ሠርቼ ነበር። ሥራዬ የሚገባውን ደብዳቤ በመዝገብ ማስፈርና ቁጥርና ቀን መስጠት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ባልቴት አቤቱታቸውን ይዘው መጡ። የአቤቱታው ጊዜ የሚያልፈው በዚያው ቀን ማታ ነበር። ዝናብ መትቷቸው ነጠላቸው ከትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፤ ወረቀቱን ግን በላስቲክ ጠቅልለው ጉያቸው ውስጥ ስለ ያዙት አንዲት ጠብታ አልነካችውም። «ደረስሁ አይደል ልጄ?» አሉኝ። «ደርሰዋል እማማ» አልኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

እርሳቸው እንደ ወጡ አለቃዬ ወረቀቱን አነሣና አየው፤ ከዚያም «ይህን በነገ ቀን መዝግበው» አለኝ። ለምን እንደ ሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ብዕሩ በእጄ ላይ ቆመ። አሥር እስኪቈጠር ያህል ቢሆን ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ አንዳች የጠራ ነገር አወቅሁ፤ በቃል ያልተነገረኝን አወቅሁት። ወዲያውም ምክንያቶቹ መጡ። እኔ የክረምት ቅጥረኛ ነኝ፤ ያዘዘኝ አለቃዬ ነው፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ስለ ሆነ የማላውቀውን ያውቅ ይሆናል። ጻፍሁት። ሥራዬን ጨርሼ ከመመለሴ በፊት፣ አቤቱታው ጊዜው ካለፈ በኋላ የቀረበ ነው ተብሎ እንደ ተመለሰ ሰማሁ።

ውልማንን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። ሦስቱ ምክንያቶች የእኔው ምክንያቶች ነበሩ። ልዩነታችን እርሱ ጽፎ ሲያበቃ መናገሩ ነው።

ከዚህ የተማርሁት አንድ ነገር አለ። ከውስጥ የሚመጣው ነገር ምክንያት አሰልፎ አይመጣም። ምክንያቶቹ የሚሰለፉት በወዲያኛው ወገን ነው፤ ደግሞም መልካም መልካም ምክንያቶች ናቸው። ለአለቃ መታዘዝ፣ ሽማግሌን ማክበር፣ የራስን አላዋቂነት ማወቅ፣ ይህን ሁሉ ከእናት ከአባታችን የተማርነው ነው። ስለዚህ ያ ስሜት በክርክር አያሸንፍም። የሚሰጠን ጊዜ ብዕሩ የሚያመነታባት ጊዜ ብቻ ናት።

ውልማን ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ጊዜ እንዳያሳልፋት ሞከረ። ጥቂት ቈይቶ አንድ ወጣት መጥቶ ተመሳሳይ ወረቀት ጻፍልኝ ቢለው አልጽፍም አለ፤ ወጣቱም በነገሩ ልቡ እንደማይስማማ ነገረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጐረቤቱ ተጐድቶ አልጋ ላይ ሳለ ኑዛዜውን እንዲጽፍለት ለመነው። ታማሚው ከሚያወርሰው ንብረት መካከል አንዲት ወጣት ባሪያ ነበረች። ውልማን ሌላውን ሁሉ ጽፎ እርሷን የሚመለከተውን ብቻ ተወውና ወረቀቱን ወደ አልጋው አቀረበለት። የሰው ልጅ ባሪያ የሚሆንበትን ወረቀት መጻፍ እንደማይችል፣ ለጻፈውም ዋጋ እንደማይጠይቅ በፍቅር ነገረው። ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ታማሚው ልጅቱ ነጻ እንድትወጣ ተስማማና ኑዛዜው ተፈጸመ። ልብ በሉ፤ ስብከት አልሰበከም፤ ሰውየውንም አላዋረደም። ከወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ ብቻ ተወ።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያውስ በልቡ የመጣለትን ሁሉ የሚሠራ ሰው ቅዱስ ነውን?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ኩዌከሮችም ራሳቸው በዚህ ጥያቄ ክፉኛ ተፈትነውበታል። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በ1651 ከእስር እንደ ወጣ ሊችፊልድ ወደምትባል ከተማ ሲቃረብ ጫማህን አውልቅ የሚል ትእዛዝ ከውስጥ መጣልኝ ብሎ፣ በክረምት ብርድ በባዶ እግሩ ወዮላት እያለ በገበያው መካከል ጮኾ ዞረ። ለምን እንደ ተላከ ያሰበበት ኋላ ነው። ይህስ ማንንም አልጐዳም እንበል። በ1656 ግን ከታላላቆቻቸው አንዱ የነበረው ጄምስ ኔይለር በዝናብ በፈረስ ተቀምጦ፣ ተከታዮቹ «ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያሉለት፣ የክርስቶስን ወደ ኢየሩሳሌም መግባት በሚመስል አኳኋን ወደ ብሪስቶል ከተማ ገባ። እርሱ ምልክት ነው አለ። የእንግሊዝ ፓርላማ ግን ፈረደበት፤ ተገረፈ፣ ምላሱ በጋለ ብረት ተበሳ፣ ግንባሩም ተተኰሰ። ቅጣቱ አረመኔያዊ ነው፤ አሳብቦ መከራከር አያሻም። ቢሆንም ኔይለር ከውልማን ባነሰ እምነት የተነሣ ሰው አልነበረም። እርሱም ከውስጥ ታዝዣለሁ ባይ ነበር።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? መጻሕፍት ብዙ ምልክት ይዘረዝራሉ። እኔ ለራሴ የያዝሁት አንድ ጥያቄ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ኔይለርን ድምፁ ከፈረስ ላይ አስቀምጦ መዝሙር አዘመረለት። ውልማንን ግን ሁልጊዜ ከአንድ ነገር ላይ አስነሣው፤ ከገንዘብ፣ ከሰው ከበሬታ፣ ከምቾት። በ1757 ወደ ደቡብ ሲጓዝ ባሪያ በሚያሳድሩ ሰዎች ቤት በእንግድነት ያድር ነበር፤ እነዚያ ድሆች ያለ ዋጋ ያገለገሉኝን አልበላም ብሎ ጥቃቅን የብር ገንዘብ ይዞ ለእነርሱ ይሰጥ ነበር። ለባለቤቱ አሳፋሪ፣ ለእንግዳውም አሳፋሪ ነው። እስቲ ከእኛ መካከል የጋበዘንን ሰው ሠራተኛ በጋባዡ ፊት እንዲህ ለማድረግ የሚደፍር ማን ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ ውልማን የሠራው ሁሉ አልገባኝም። ቀለም ያልተነከረ ልብስና ባርኔጣ ካልሆነ አልለብስም ብሎ ነበር፤ የሚያስቀው ግን በዚያን ጊዜ ነጭ ባርኔጣ ዘመን አመጣሽ ፋሽን ስለ ነበረ አንዳንዱ ሰው ፋሽን የሚከተል መስሎት ታዘበው። እኔ ብሆን በዚያው እተወው ነበር።

ከኔይለር ውድቀት በኋላ ኩዌከሮች ያበጁት ሥርዓት አለ፤ ብቻውን የመጣለትን ከባድ ነገር ሰው ብቻውን አይፈጽመውም። ለጉባኤው ያቀርበዋል፤ በዝምታ ይመዝኑታል፤ ከተስማሙ የድጋፍ ወረቀት ይሰጡታል። ዛሬም አንድ ሰው ከባድ ውሳኔ ሲገጥመው ጥቂት ወዳጆቹን ሰብስቦ ያስቀምጣል፤ እነርሱም ምክር አይሰጡትም፤ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። መነኵሴ በልቡ የመጣበትን ሐሳብ ለመንፈሳዊ አባቱ ሳይገልጥ እንዳይሠራው የገዳም ሥርዓት ያዘዋል፤ መልካም የሚመስለውንም ሐሳብ ቢሆን። ወደ ሌላውም ጉባኤ ብንሄድ፣ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሊቈጥር ገለል ብሎ ብቻውን ይቀመጣል፤ ሰዓት ሙሉ ሳይመጣለት ይቈይና ምስጢሩ ድንገት እንደ መብረቅ ይበራለታል። ነገር ግን መጣልኝ ብሎ ሮጦ ከማኅሌት አይገባም። ለመምህሩ ይነግረዋል፤ መምህሩም ቤት ያፈረሰውን፣ ምስጢር የጐደለውን ያርምለታል። በጉባኤ መካከል በድንገት የሚዘርፈው ስንት ዘመን የታረመ ሊቅ ነው። የእኛ ሥርዓት ከኩዌከሮቹ የሚለየው አባት ወይም መምህር ተው ሲል ተው መሆኑ ነው። የትኛው እንደሚሻል በውይይቱ ሰዓት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ይህ ሥርዓት በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል በ1763 የሆነውን ልንገራችሁ። ውልማን ከአሜሪካ ጥንተ ነዋሪዎች ጥቂቶቹን በፊላደልፊያ ካገኛቸው በኋላ ወደ አገራቸው የመሄድ ናፍቆት አደረበት። ቸኩሎ አልሄደም። በልቡ ሲያመላልሰው ቈየ፤ ከዚያ ለጉባኤዎቹ በየተራ አቀረበውና ተስማሙለት። የመንገዱ ቀን ደረሰ። ሊነሣ ባለበት ዋዜማ ሌሊት፣ ከተኛ በኋላ፣ ከፊላደልፊያ መልእክተኞች መጥተው አስጠሩት። በምዕራብ ጦርነት ተነሥቷል፤ ምሽግ ተይዟል፤ እንግሊዞች ተገድለዋል አሉት። ይህ በታሪክ የፖንቲያክ ጦርነት የሚባለው ነው። የፊላደልፊያ ሽማግሎች «አትሂድ» አላሉትም፤ «ሂድ»ም አላሉትም። ወሬውን አውቀህ ራስህ እንደ መሰለህ አድርግ ብለው ነው የላኩበት። ተመልሶ ተኛ፤ ለሚስቱ እስኪነጋ ድረስ አልነገራትም። ያችን ሌሊት እንደምን አሳለፋት? ሲነጋ ነገራት፤ ቻለችው፤ እርሱም ሄደ።

በዚያ መንገድ ላይ የጻፈው አንድ ነገር ነው ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ያሳመነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ሆኖ ራሱን መረመረ። ምናልባት ወደ ፊት የምገፋው በአደጋ መካከል የማይናወጥ ሰው ነው ለመባል ይሆንን? ምናልባትስ ሳላደርስ ብመለስ የሚደርስብኝን ኀፍረት ፈርቼ ይሆንን? ብሎ ጠየቀ። ተልኬአለሁ የሚል ሰው በመንገዱ መካከል ቆሞ «ላከኝ ያልሁት ክብሬ ቢሆንስ» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያን ሰው መስማት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ኔይለር በፈረሱ ላይ ሆኖ ይህን ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሳይወርድ ይቀር ነበርን?

በመንገድም አንድ ሰው መጥረቢያውን ከልብሱ ሥር ደብቆ በደጅ ቆሞ አገኘው፤ ውልማን ሲቀርብ ሰውየው መጥረቢያውን በእጁ ያዘ። ውልማን ወደ ኋላ አላለም፤ ቀርቦ በወዳጅነት አነጋገረው፤ ሰውየውም እንግሊዝኛ ጥቂት ይሰማ ነበርና አብረው ገብተው ተቀመጡ። በሳስኳሃና ወንዝ አጠገብ ዋያሉሲንግ ከምትባለው መንደር በደረሰ ጊዜ አንድ ማታ ለጸሎት ተነሣ። አስተርጓሚዎች ነበሩ፤ ግን አትተርጕሙ አላቸው። በማይሰሙት ቋንቋ ጸለየ። ስብሰባው ሲበተን ፓፑነሃንግ የተባለው መሪያቸው፣ ቃል የሚመነጭበትን ስፍራ መሰማት ደስ እንደሚለው ለአንዱ አስተርጓሚ ነገረው።

ሁሉም ጕዞው እንዲህ አልተፈጸመም። ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች የመሄድ ሸክም ተሰማው፤ የጉባኤውን ወረቀት ተቀበለ፤ የመርከብ ባለቤቶችንም እስከ ማነጋገር ደረሰ። ከዚያ ሸክሙ ከላዩ እንደ ተነሣ ተሰማውና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ አልሄደም። መመለስም መታዘዝ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ይህ ለኛ ለተማሪዎች፣ በጉባኤ ፊት ከተናገርነው ቃል ወደ ኋላ ማለትን እንደ ሞት ለምንቈጥረው፣ ከባድ ትምህርት ነው።

ስለ ፍሬው ባጭሩ ልናገር። በ1758 የፊላደልፊያ ኩዌከሮች ዓመታዊ ጉባኤ ስለ ባርነት ሲከራከር ብዙዎች ነገሩ ይቈይ አሉ። ውልማን ተነሥቶ ተናገረ። ጉባኤው ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ አባል በማኅበሩ ጉዳይ እንዳይካፈል፣ ባለ ባሪያዎቹንም በየቤታቸው የሚያነጋግሩ ሰዎች እንዲላኩ ወሰነ፤ ከተላኩትም አንዱ እርሱ ነበር። በ1776 ያው ጉባኤ ባሪያ መያዝን ለአባሎቹ ፈጽሞ ከለከለ። ውልማን ይህን አላየም፤ በ1772 በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ በፈንጣጣ ሞቷል። የሽያጭ ውሉን ከጻፈበት ቀን እስከዚያ ውሳኔ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው።

አሁን ወደ ብዕሬ ልመለስ። ከአንድ ወር በፊት፣ ማታ ስለ ሌላ ነገር ሳጠና፣ ያ የሁለት ዓመት ነገር ድንገት ውል አለብኝ፤ «የጻፍኸውን ጻፍ» አለኝ። ትርጕሙ ወዲያው ገባኝ። ያን ቀን ማን ምን እንዳዘዘና ወረቀቱ በእውነት በየትኛው ቀን እንደ ገባ ለበላይ አካል በደብዳቤ ማስታወቅ ነው። ምክንያቶቹም እንደ ልማዳቸው ተሰለፉ። ጊዜው አልፏል፤ የአለቃዬ እንጀራ ሊቈረጥ ይችላል፤ እኔም የሐሰት ቀን የጻፈ እጅ ስለ ሆንሁ ልጠየቅ እችላለሁ። ባልቴቲቱ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ ግን እንደ ሥርዓቱ አደረግሁ። ደብዳቤውን ጻፍሁና ለሁለት ወዳጆቼ አሳየሁ፤ አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛው «የአለቃህን ስም አውጣና የራስህን ብቻ ተናገር» አለኝ። ሁለተኛዋ እኅታችን ግን ምክር አልሰጠችኝም፤ «ይህን የምትልከው ለእማማ ነው ወይስ ሌሊት እንቅልፍ እንዲወስድህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እስከ አሁን መልስ አላገኘሁላትም። ሁለቱም ነው ብል እውነት ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ደብዳቤው በኪሴ ነው። ሰኞ ወደ ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ክፍል አራት አምስት ሆነን ለግማሽ ሰዓት በዝምታ እንድንቀመጥ፣ ከዚያም እንድትጠይቁኝ እፈልጋለሁ። መምጣት የሚፈልግ ስሙን ለጸሐፊው ይስጥ።